ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን

ስለ ጾም የሚጠይቅ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከምግቡ ነው። ሥጋ ይበላል ወይ? ወተትስ? ዓሣስ? መልሱ አጭር ስለሆነ ጠያቂው ነገሩ የገባው መስሎት ይሄዳል። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ በሚያወጣው አቀበት ላይ የሚኖር ገበሬ ግን በዓመት ስንት ቀን ሥጋ ይበላል? ለዘመን መለወጫ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ፤ ከዚያ ደግሞ ሰርግ ወይም ተዝካር የተጠራ እንደሆነ። የቀረው ጊዜ፣ ፍስክም ይሁን ጾም፣ ሽሮና ድንች፣ ጎመንና ንፍሮ ነው። ላም ያለው ቤት በጾም ቅቤውና አሬራው ይቀርበታል፤ ላም የሌለው ቤት እሱንም ያህል የሚቀርበት ነገር የለውም። ሥጋ መተው የጾም ዋናው ፈተና ቢሆን ኖሮ ድሃው ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው ባልን ነበር።

ገበሬውን የሚፈትነው ሰዓቱ ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀመስም። ዘጠኝ ሰዓት የተመረጠው ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ስለሆነ ነው። በሁዳዴ ይህም ይረዝማል፤ የሚበረታ ሰው እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይቆያል። ፍትሐ ነገሥት ዐሥራ አምስተኛውን አንቀጽ ለጾም ሰጥቶ ስለ ቀኑም ስለ ሰዓቱም ስለ መብሉም ይደነግጋል፤ የደጋው ሰው ግን ሥርዓቱን የተማረው ከመጽሐፍ ይልቅ ከቅዳሴ ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ሆኖ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። ደውሉ ሲደወል ማሳ ላይ ያለውም፣ ወንዝ የወረደችውም፣ ከብት የሚጠብቀውም የት እንደደረሰ ያውቃል። የእጅ ሰዓት ሳይመጣ ደብተራውም ገበሬውም የራሱን ጥላ በራሱ ጫማ እየለካ ሰዓቱን ይቆጥር ነበር፤ ጥላ ከወር ወር ስለሚለያይ ለየወሩ የሚሆነውን ልክ የሚያስረዳ የብራና ቀመር ነበረው።

ቅዳሜና እሑድ በሁዳዴ ውስጥ እንኳ የሰዓት ጾም የለም፤ ሥጋና ቅቤው እንደተከለከለ ይቆያል እንጂ ጠዋት ቁርስ ይበላል። ከዚህ ሕግ የምትወጣው አንዲት ቅዳሜ ብቻ ናት፤ የፋሲካ ዋዜማ፣ ቀዳም ስዑር። ይህ የቅዳሜ ነገር ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ጎጃም ውስጥ ብዙ ነገር ያበላሸ ጉዳይ ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የጾሙን ዓመት ከእርሻው ዓመት ጋር አስተያይተን እንየው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር ለምእመኑ ሁሉ የታዘዘውን ወደ 180 ቀን፣ የፈቃዱን የጽጌንና የጳጉሜን ጾም ጨምሮ የሚጾመውን ካህንና መነኩሴ ደግሞ ወደ 250 ቀን ያደርሰዋል። ቁጥሩ ለብቻው ብዙም አይነግረንም። ቁም ነገሩ ጾሞቹ ያረፉበት ወቅት ነው። ሁዳዴ ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል፤ አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ በሬውም እንደ ሰኔው አይደክምም። 55 ቀን መጾም ከባድ ቢሆንም ወቅቱ ያግዛል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ አጨዳው በደመቀበት ጊዜ ነው፤ ሥራው ከባድ ነው፣ እህሉ ግን በእጅ አለ። ፍልሰታ በነሐሴ ዝናብ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ጎተራው ሊራቆት ምንም አልቀረውም፣ ብዙው ቤት በድንችና በጎመን ይቆያል። ቀኑ ግን 15 ብቻ ነው።

የሰኔው ጾም፣ የሐዋርያት ጾም፣ ከሁሉም ይለያል። ከበዓለ ሃምሳ ማግስት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 4 ይጾማል፤ ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ ይፈታል። ፋሲካ ቀድሞ ከዋለ ጾሙ ግንቦት 16 ገብቶ 49 ቀን ይሆናል፤ ፋሲካ ከዘገየ ሰኔ 20 ገብቶ በ15 ቀን ያልቃል። በዚሁ ጊዜ ማሳው ይገመሳል፣ ይደገማል፣ የጤፉ መሬት ለስልሶ ይዘራል። ገበሬው ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ጠምዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ሊያርስ ነው። አርባ ዘጠኝ ወይስ አሥራ አምስት? ይህን የሚወስነው ባሕረ ሐሳብ ነው። መስከረም 1 ቀን ከቅዳሴ በኋላ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ሲታወጁ አንዳንዱ ገበሬ የፋሲካን ቀን ሰምቶ የሰኔውን ጾም በጣቱ ይቆጥራል። ጾሙ የሚረዝምበት ዓመት ከሆነ ፊቱ ላይ ታያለህ። የሰኔውን ጾም ገበሬው ሁሉ እንደ ሁዳዴ አጥብቆ አይይዘውም፤ «የቄስ ጾም ነው» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ካህናቱ ይህን አነጋገር አይወዱትም፣ ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ስለሆነ ትክክል ናቸው። ግን አባባሉ ከማሳ የመጣ እንደሆነ እኔ አልጠራጠርም።

ጾም በእርሻ ላይ ብቻ አይደለም ጫናው፤ በጦርም ላይ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የአዳሉ አዛዥ ማሕፉዝ ለ25 ዓመት ያህል በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ወረራ ያደርግ እንደነበር ጽፏል፤ ሕዝቡ በጾም የደከመበትን ጊዜ ጠብቆ ማለት ነው። ጠላት የቤተ ክርስቲያኑን ዘመን መቁጠሪያ በደንብ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ሲቀበሉ ጎጃምን ያስተዳድር የነበረው ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ከእርሳቸውም በላይ ቀናተኛ ካቶሊክ ሆኖ ነበር። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በመርጡለ ማርያም ያሠሩት ሕንጻ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይታያል። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 እ.ኤ.አ. ከገቡ በኋላ ለውጡ ወደ ሕዝቡ ማጀት ወረደ። ሮም ዓርብና ቅዳሜን ትጾም ነበር፤ ስለዚህ የአገሬው ረቡዕ ቀርቶ ቅዳሜ እንዲጾም ተፈለገ። ለጎጃም ገበሬ ይህ ሁለት ጊዜ መበደል ነበር። ረቡዕ አይሁድ ጌታን ሊይዙት የመከሩበት ቀን ነው፣ ስለዚህ መጾም አለበት። ቅዳሜ ደግሞ ሰንበት ነው፤ በሰንበት መጾም ማለት በፋሲካ ማልቀስ ነው። በዚያን ዘመን ሕዝቡ ያነሣው ቅሬታ ሁሉ የክርስቶስን ባሕርይ የተመለከተ ይመስለናል፤ ዳሩ ግን አራሹን ያስነሣው የባሕርይ ክርክር ብቻ አልነበረም፤ በየሳምንቱ የሚመጣው ረቡዕም ነበረበት። ንጉሡ ነገሩ እየከፋ ሲሄድ ጥቂት ነገር ለቀቁ፤ ከተለቀቁት አንዱ የፈለገ ሰው በቅዳሜ ፋንታ ረቡዕን ይጹም የሚል ነበር። አልበቃም። በሰኔ 1632 እ.ኤ.አ. የቀድሞው ሃይማኖት በአዋጅ ተመለሰ።

ረቡዕና ዓርብ የመጡት ከሩቅ ነው። ዲዳኬ የተባለው የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች መመሪያ ሰኞና ሐሙስ ከሚጾሙት አይሁድ ተለይተው ምእመናን በእነዚህ ሁለት ቀናት እንዲጾሙ ያዛል። ምዕራቡ ረቡዕን ቀስ በቀስ ተወው። በ1522 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ከተማ ውስጥ በዐቢይ ጾም የተበላ ጥቂት ቋሊማ የስዊዘርላንድን ተሐድሶ አቀጣጠለ፤ ሰባኪው ዝዊንግሊ ራሱ አልበላም፣ የበሉትን ግን በስብከት ተከላከለላቸው። በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ የካቶሊኩን ጾም ራሱን በእጅጉ አቀለሉት። የእኛ ደጋ ይህን ሁሉ ሳይሰማ በረቡዑ ቀጠለ።

ምግቡን ንቄ እንዳልተውኩት ይታወቅልኝ፤ የጾሙ ወጥ ቤት ብልሃት የሞላበት ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ በቅበላ ሰሞን፣ የቅቤ ሽታ የነካው ድስት ሁሉ በአመድ ተፈግፍጎ ይታጠባል፣ ያለው ቤት የጾም ድስቱን ለብቻው ያወጣል። ቅባት ከኑግ ይመጣል፤ በመስከረምና በጥቅምት ጎጃምን ቢጫ የሚያለብሰው ኑግ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ወጥ ይሆናል ወይም ዘይቱ ይጨመቃል። ተልባ ይፈተፈታል፣ ሱፍ ይጠመቃል፣ ባቄላው ከሰናፍጭ ጋር ሲጠነሰስ ስልጆ ይሆናል። ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን አለ። ከእነዚህ ሁሉ ግን ከሌላው አገር ጋር ሲነጻጸር የጎጃም የራሱ የሆነው ግብጦ ነው። ሌላ ጥራጥሬ እምቢ በሚልበት በኮመጠጠ አፈር ላይ ይበቅላል፤ ከክብደቱ ሲሦ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ነገር ግን እንዳለ ቢበላ መራራም መርዛማም ነው። ስለዚህ ይቆላና በጆንያ ተከትቶ በሚፈስ ወንዝ ውስጥ ለበርካታ ቀናት ይነከራል፤ ወንዙ ምሬቱን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ልጡ ተልጦ በጨው ይበላል፣ ለጠላና ለአረቄም ማጣጣሚያ ይቀርባል። ስለ ፕሮቲንና ስለ መርዝ የሚያውቅ ላቦራቶሪ ባልነበረበት ዘመን ይህን ማን እንደፈለሰፈው ባውቅ ደስ ባለኝ። ሴት እንደነበረች ግን እገምታለሁ።

ቅቤው ደግሞ የት ይሄዳል? ላሟ ጾም አታውቅም፤ በሁዳዴም ትታለባለች። በገጠር ወተት እንዳለ ብዙም አይሸጥም፤ ይረጋል፣ ይናጣል። አሬራው ለሕፃናትና ለጥጃ ይሆናል፣ ቅቤው ይጠራቀማል። በጾሙ መካከል ዋጋው ይወድቅና ፋሲካ ሲቃረብ ይንራል፤ ጥሬ ገንዘብ የቸገራት ሴት በረከሰው ጊዜ ትሸጣለች፣ ነጋዴው ገዝቶ ያስቀምጣል። ከተማ ውስጥ ወተት ለሚያቀነባብሩ ድርጅቶችና ለሚያቀርቡላቸው አርቢዎች ጾም የዓመቱ ከባዱ ወቅት ነው። ስለ ጾም ኢኮኖሚ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ሥጋ ቤቶች መዘጋታቸውን ነው፤ እኔ ግን ቅቤው ላይ ያለው ነገር የበለጠ ይከነክነኛል፣ ምክንያቱም የጾሙ ዋጋ በብዛት የሚወድቀው በሴቷ ላይ ነው።

ሌላም ነገር በጾሙ ያርፋል። በሁዳዴ ከበሮና ጽናጽል ከቤተ መቅደስ ዝም ይላሉ፤ መቋሚያው ብቻ ይቀራል፣ ጾመ ድጓም በዝማሜ ይባላል። ሰርግ የለም፤ የተጫጩት ከጥምቀት በኋላ ካልተጋቡ እስከ ፋሲካ ማግስት ይጠብቃሉ። የተጣላ ሰው በሽማግሌ የሚታረቀውም በዚሁ ሰሞን ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላልና የድንበር ጠብ ያለበት ሰው ስግደቱን ከመጀመሩ በፊት ጉዳዩን ለሽማግሌ ያቀርባል። በስቅለት ዓርብ ሕዝቡ ሲሰግድ ይውላል፤ ሲጠናቀቅ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ነካ ነካ እያደረጉ ስንት ተጨማሪ ስግደት እንደሚሰግድ ይነግሩታል። ሰዓቱ እዚህ ላይ ሄዶ ሄዶ ገደብ ያጣል፤ አክፍሎት የያዘ ሰው ከዓርብ፣ አንዳንዱም ከሐሙስ ጀምሮ፣ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምንም አይቀምስም።

ጎጃም ላይ ጾመኛ ሲባል ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚታወሰኝ የቆሎ ተማሪ ነው። ዋሸራና ጎንጅ ለቅኔ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና ደብረ ኤልያስ ለሌላውም ትምህርት ከየአገሩ ልጆች የሚጎርፉባቸው ቦታዎች ነበሩ፣ ዛሬም አልነጠፉም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በእነዚህ ጉባኤዎች ውስጥ አልፈዋል። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል፤ ያገኘውን ቁራሽ እንጀራ አድርቆ ያስቀምጣል፣ ቆሎ ካገኘ ቆሎ ይበላል። ለእርሱ የጾሙ ምግብ ከፍስኩ አይለይም። ልዩነቱ ሰው በጾም ወራት እጁ ይፈታ እንደሆነ፣ አለዚያም ነሐሴ ላይ የምትሰጠው ሴት ጎተራም ባዶ እንደሆነ ነው። በፍልሰታ ሱባዔ የሚገባው ምእመን ብዙ ነው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ስለሚጾሙትና ስለሚቆርቡበት «የሕፃናት ጾም» ይሉታል። የተማሪው ሱባዔ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው።

እዚህ ላይ ጾም የተዋቀረበት ሦስተኛው ነገር ይመጣል፤ ከሰዓቱና ከመብሉ ቀጥሎ፣ ምጽዋቱ። በሁለተኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና በግእዝ ተተርጉሞ የቆየልን ሄርማስ የተባለው መጽሐፍ ይህን እንደ ሒሳብ ያስቀምጠዋል፤ በጾምህ ቀን ያልበላኸውን ምግብ ዋጋ አስላና ለመበለት ወይም ለወላጅ አልባ ስጥ ይላል። ሥጋን ባልበላ ሰው ላይ ይህ ሒሳብ ትንሽ ያስቸግራል፤ ሽሮው ያው ሽሮ ነው፤ ቀኑን ቢዘገይም ማታ ይበላዋል። ባለጸጋ ቤት ግን ሒሳቡ ግልጽ ነው። ሙክት የሚያርደው የጥንቱ ባላባት በሁዳዴ ሽሮ ሲበላ ከጭሰኛው ማዕድ ጋር ይገናኝ ነበር፤ የተረፈው ሙክት ደግሞ የሆነ ቦታ መሄድ ነበረበት። ሙክቱ ለፋሲካ ሰብቶ ቢጠብቅ ጾሙ ማድለቢያ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ነገር በድፍረት የሚሰብክ ካህን ብዙ አላየሁም።

ዛሬ በደብረ ማርቆስ ከተማ መሀል የሚለወጠው መብሉ አይደለም። ምግብ ቤቶቹ ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱ ያቀርባሉ፣ የዩኒቨርሲቲው ምግብ አዳራሽ ጾምና ፍስክ ለይቶ ያበላል፣ ኬክ ቤቱ እንኳ ቅቤና እንቁላል የሌለበት የጾም ኬክ አለው። መብሉ ተጠብቋል፣ እንዲያውም ደልቧል። የተለወጠው ሰዓቱ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እኩለ ቀን ላይ ለምሳ ይወጣል፤ ሠራተኛውም ተማሪውም በዚያ ሰዓት ይበላል። ቅዳሴ ተገኝተው ዘጠኝ ሰዓት የሚጠብቁት ጡረተኛውና የቤት እመቤቷ ናቸው። በደመወዝ የሚኖረው ሰው ሥጋን ሳይነካ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ሊውል ይችላል፣ ግን አልራበውም። ይህን የማስተውለው እንዲሁ ነው፤ በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ የኬኩን ነገር ግን ባልጽፈው ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።

ሰዓቱ የማይመለከታቸው ደግሞ አሉ፣ ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ የታመሙ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት። ቤተ ክርስቲያን ከጾም አውጥታቸዋለች፤ ሌላ ችግር ካለ ደግሞ የንስሐ አባት ያያል። «አባ፣ ቀኔ ገብቷል፣ እንዴት ላድርግ?» ብላ የምትጠይቅ ሴት «ልጄ፣ ብዪ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» የሚል መልስ ትሰማለች። ትሰማለች እንጂ ብዙ ጊዜ አትበላም። ጎረቤት ታያለች፣ አማት ትሰማለች፣ ራሷም ታፍራለች። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት ወደ 46 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው ቁመታቸው እንደቀጨጨ አሳይቷል፤ በአገሪቱ ከፍተኛው ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ጾም ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም፤ ጾሙ ያልታዘዘባቸው ሕፃናት በጾም ወራት እንቁላልና ወተት የሚቀንስባቸው መሆኑ ግን በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። ምክንያቱ የእናት ጭካኔ አይደለም፤ ድስቱ አንድ በመሆኑ ነው። እንቁላል የተቀቀለበትን ዕቃ ለጾም ሽሮ መጠቀም ጾምን መግደፍ መስሎ ይታያል። ለልጁ የተለየ ትንሽ ድስት ቢገዛለት ነገሩ ባለቀ ነበር፤ እናቱ ግን የዶሮዋን እንቁላል ቅዳሜ ገበያ አውጥታ ለጨውና ለሳሙና ሸጣዋለች።